በሩዝ ቅጠል ላይ ስለሚታዩ ለውጦችና ስለ አወራረሳቸው

ሩዝ ለዘር ውርስ ጥናት የተመቸ ተክል ነው። ክሮሞዞሞቹ 12 ጥንድ ብቻ ናቸው፤ አበባውም አብዛኛውን ጊዜ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል፥ በወላጁ ተሸሽጎ የኖረ ባሕርይ በልጆቹ ላይ ፈጥኖ ይገለጣል። ከባሕርዮቹም መካከል ያለ መሣሪያ በዓይን የሚለየው የቅጠሉ መልክ ነውና፥ በዚህ ጽሑፍ ከቅጠል ለውጦች ሁለቱን እንመለከታለን።

አንደኛው የምላስ መጥፋት ነው። የሩዝ ቅጠል ግንዱን ከሚያቅፈው ሰገባና ወደ ውጭ ከተዘረጋው ክፍል የተሠራ ሲሆን፥ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ምላስ የሚመስል ስስ ቆዳና ጆሮ የሚመስሉ ሁለት ጠጉራም ቅጥያዎች አሉ። በ4ኛው ክሮሞዞም የሚገኘው ኦኤስ ኤልጂ 1 የተባለው ጂን ሲበላሽ ምላሱም ጆሮዎቹም ይጠፋሉ፤ ቅጠሉም የሚታጠፍበትን ቦታ ስለሚያጣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህ በፎገራ እንደሚደረገው በእጅ ለሚያርም ገበሬ ቀላል ነገር አይደለም። ኤኪኖክሎአ የሚባለው ሩዝ መሳይ አረም ምላስ ስለሌለው፥ በለጋነቱ ከሩዝ የሚለየው በዚሁ ምልክት ነው። ምላስ የሌለውን ሩዝ አራሚው ነቅሎ ቢጥለው አይፈረድበትም!

ምላስ የሌለው ምላስ ካለው ንጹሕ ዘር ጋር ሲዳቀል የመጀመሪያው ትውልድ በሙሉ ምላስ ይኖረዋል፤ በሁለተኛው ትውልድ ግን ከ4 አንዱ ያህል ምላስ አልባ ሆኖ ይወጣል። ይኸውም ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1866 ስለ አተር ባሳተመው ጽሑፍ የገለጠው 3 ለ 1 ነው። ነገር ግን ይህ መጠን በጥቂት ተክል አይታመንም። ከሁለተኛው ትውልድ 4 ብቻ ብንዘራ፥ ከ100 ጊዜ 32 ጊዜ ያህል አንድም ምላስ አልባ አናገኝም፤ 16 ብንዘራ ግን ይህ የሚደርሰው 1 ጊዜ ያህል ነው።

ሁለተኛው የቅጠል መውደቅ ነው። በ3ኛው ክሮሞዞም ያለው ድሩፒንግ ሊፍ የተባለው ጂን ሲጎድል፥ ቅጠሉን እንደ አከርካሪ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የመሐል ጅማት አይበቅልምና ቅጠሉ ተልፈስፍሶ ይንጠለጠላል። ይህም እንደ ፊተኛው ተሸሻጊ ባሕርይ ነው። የሚያስደንቀው ግን በቅጠል ብቻ አለመወሰኑ ነው፤ ለውጡ ሲበረታ በአበባው ውስጥ በሴቴው ቦታ ወንዴ ይበቅላል፥ ተክሉም ፍሬ አይሰጥም። ኤልጂ 1ም ቢሆን ከቅጠል አልፎ ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተሙ ጥናቶች የዱር ሩዝ ዘለላ የተበታተነ፥ የእርሻው ግን የተሰበሰበ የሆነበትን ምክንያት ከዚሁ ጂን ጋር አያይዘውታል።

እንግዲህ ዘር መራጭ የወደቀ ቅጠል ያለውን ሁሉ ነቅሎ ማሳው ነጻ ወጣ ቢል፥ በእኛ አስተያየት ቸኩሏል። በዚያው ሁለተኛ ትውልድ ቅጠላቸው ከቆመው ከ3ቱ 2ቱ ጉድለቱን በስውር ተሸክመዋል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ተክል ዘር ለየብቻው በአንድ መስመር መዝራት፥ ከዚያም የወደቀ ቅጠል የታየበትን መስመር ቆመው ካሉት ጋር ጭምር ከዘር ማውጣት ያስፈልጋል።