የ90 ደቂቃ ጠላት

ባንኮ ጎቲቲን የቡና ነጋዴ በደንብ ያውቃታል። ከዲላ ተነስቶ ይርጋጨፌንና ኮቸሬን አልፎ ጌዴብ ወረዳ ሲገባ የምትገኝ፣ ቡናዋ በስሟ እየተጠራ ባህር ማዶ የሚሸጥ የጌዴኦ ቀበሌ ናት። የኳስ አፍቃሪ ግን ስሟን ሰምቶ ላያውቅ ይችላል። ዳገት የሚበዛበት፣ መሬቱም በእንሰትና በቡና የተያዘ አገር በመሆኑ ጎል ተክሎ የሚጫወቱበት ደልዳላ ሜዳ እንደ ልብ አይገኝም።

ያም ሆኖ ይህች ቀበሌ ለስፖርት ገፅ የሚሆን አንድ ከባድ ጥያቄ ይዛለች። ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ መሪዎች አስመራ ላይ ተቃቅፈው የ20 ዓመቱ ጠላትነት አበቃ ሲሉ፣ አገር ሁሉ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጦ ነበር። በዚያው ሰሞን ግን በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ህዝብ በግጭት ምክንያት ከቤቱ ወጥቶ ነበር። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ጎቲቲ የዜና ርዕስ የሆነችው በቡናዋ ሳይሆን በተጠለሉባት ተፈናቃዮችና በተራቡ ህፃናት ነው። ሁለት አገሮች ሲታረቁ፣ በአንድ ገበያ የሚገናኙ ጎረቤታሞች ተጣልተው ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ፉክክር ጠላትነት የሚሆነው መቼ ነው? ሲሆንስ ሂሳቡን የሚከፍለው ማነው?

የኳስ ሰው ይህንን ጥያቄ ሊሸሸው አይችልም። አፉን የፈታው በጦር ሜዳ ቃላት ነውና። ጨዋታው ፍልሚያ፣ አጥቂው አነጣጥሮ ተኳሽ፣ አርሰናል መድፈኞቹ፣ አምስት ለባዶ የተሸነፈ ቡድን ደግሞ የተደመሰሰ ይባላል። ፊሽካ ሲነፋ ግን የተደመሰሰው ቡድን ሻወር ወስዶ አውቶቡስ ይሳፈራል። እውነተኛው ጦር ሜዳ ላይ እንዲህ የለም። እዚያ የሚቀረው አባት ነው፤ ቤት የሚጠብቀው ደግሞ ልጅ።

አምበሉና አባቱ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ታሪክ ውስጥ ይህንን ከሁሉ በላይ የሚናገረው የሉቺያኖ ቫሳሎ ህይወት ነው። ሉቺያኖ በነሐሴ 1927 ዓ.ም. አስመራ ውስጥ ከጣልያናዊ ወታደርና ከኤርትራዊት እናት ተወለደ። ገና ሁለት ወር ሳይሞላው፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። የአባቱ አገር የእናቱን ወገን ጎረቤት እየወጋ ያደገ ህፃን ነበር።

የፋሽስት መንግስት በዚህ ብቻ አላቆመም። እ.ኤ.አ. በ1937 ጣልያናዊ ከአፍሪካዊት ጋር በትዳር መልክ እንዳይኖር የሚከለክል ህግ አወጣ። በ1940 ደግሞ ጣልያናዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ በስሙ እንዳያስመዘግብ ከለከለ። አንዳንዱን አባት ጥይት ይወስደዋል፤ አንዳንዱን ደግሞ አዋጅ ይወስደዋል። በዚያ ዘመን ኤርትራ ውስጥ አባታቸው በህይወት እያለ አባት የሌላቸው ሆነው የቀሩ ክልስ ልጆች ብዙ ናቸው። ሉቺያኖንም ያሳደገችው እናቱ ናት። በኋላ ስለ ህይወቱ የፃፈው መፅሐፍ ርዕስ ራሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸውልሽ» እንደማለት ነው። ከኳስ ያገኘውን ለማን ይዞ ይሮጥ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚናገር የለም።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም። የ3ኛው አፍሪካ ዋንጫ ፍፃሜ፤ ኢትዮጵያ ከግብፅ (በወቅቱ ስሟ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ)። ይድነቃቸው ተሰማ የሚመሩት ቡድን ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነ። ሁለተኛዋን የአቻነት ጎል 84ኛው ደቂቃ ላይ ያስቆጠረው አምበሉ ሉቺያኖ ነው። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ 3ኛዋን፣ መንግስቱ ወርቁ ደግሞ 4ኛዋን አገቡ። 4 ለ 2። ሉቺያኖ ዋንጫዋን ከአፄ ኃይለስላሴ እጅ ተቀበለ።

ያን ዕለት ሜዳው ላይ የነበሩትን ተጫዋቾች ስም የሚያነብ ሰው አስመራንና አዲስ አበባን ጎን ለጎን ያገኛቸዋል። ለኢትዮጵያ አብረው ሮጡ፣ አብረው አለቀሱ፣ አብረው ጨፈሩ።

አንድ ማሊያ፣ ሁለት ባንዲራ

ነገር ግን ከዚያ ፍፃሜ አምስት ወር እንኳን በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ 1953 ዓ.ም. የኤርትራ የትጥቅ ትግል የመጀመሪያ ጥይት ተተኩሶ ነበር። ዋንጫው ከተነሳ ከአስር ወር በኋላ ደግሞ፣ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ የኢትዮጵያ ጠቅላይ ግዛት ሆነች። ጦርነቱ 30 ዓመት ፈጀ። ሉቺያኖም በደርግ ዘመን አገር ጥሎ በጅቡቲ በኩል ጣልያን ገባ። እዚያ የአፍሪካ ሻምፒዮኑ አምበል ኑሮውን የገፋው መኪና በመጠገን ነው።

ከዚያ ባድመ መጣ። እ.ኤ.አ. 1998 ኤርትራ የፊፋ አባል የሆነችበት፣ ከኢትዮጵያ ጋርም ጦርነት የገጠመችበት ዓመት ነው። ሁለት ማሊያ ለብሰው በሜዳ ሊፎካከሩ የሚችሉበት በር በተከፈተበት ዓመት ሁለቱ ምሽግ ቆፈሩ። በሁለቱም ወገን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ከተሰለፉት መካከል አባቶቻቸው በ1954 ለዚያ አንድ ቡድን ያጨበጨቡ አይጠፉም። በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. የአልጀርሱ ስምምነት ሲፈረም መድፉ ዝም አለ፤ ድንበሩ ግን እንደተዘጋ ቀረ።

በሁለቱም አገር አባታቸውን ከግድግዳ ላይ ፎቶ ብቻ የሚያውቁ ልጆች አደጉ። ሞት ያልነካቸውም ቢሆኑ አልተረፉም። ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን አስመራ ሲያርፍ፣ ሴቶች ልጆቹን ከ16 ዓመት በላይ ያላያቸው አባት ተሳፋሪ ነበር። ህፃን ሆነው የተለያቸው ልጆች ትልልቅ ሴቶች ሆነው ጠበቁት። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ድንበሩ ራሱ ተከፈተ፤ ሰው እየሮጠ ተሳሳመ። ይሁንና ዓመት እንኳን ሳይሞላ መተላለፊያዎቹ ተራ በተራ ተመልሰው ተዘጉ።

የአጥቂው መቃብር

ይህ የሀበሻ ጣጣ ብቻ አይደለም። የቀድሞው የጀርመን መራሄ መንግስት ጌርሃርድ ሽሮደር በወጣትነታቸው ለመንደራቸው ቡድን የሚጫወቱ አጥቂ ነበሩ። ጓደኞቻቸው ሜዳ ላይ በሚያሳዩት ትጋት «አከር» የሚል ቅፅል ስም ሰጥተዋቸዋል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1944 ተወለዱ፤ አባታቸው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሮማኒያ ውስጥ ተገደሉ። አባትና ልጅ አልተያዩም። እናታቸው በፅዳት ሰራተኝነት አሳደጓቸው።

ሽሮደር እ.ኤ.አ. በሰኔ 2004 በኖርማንዲ የጦር ዘመቻ 60ኛ ዓመት መታሰቢያ ላይ የተገኙ የመጀመሪያው የጀርመን መሪ ሆኑ፤ ከፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ዣክ ሺራክ ጋርም ተቃቀፉ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ሮማኒያ ሄደው አባታቸው የተቀበሩበት ቦታ ላይ ቆሙ። በ60 ዓመታቸው ማለት ነው። የእንግሊዝ ደጋፊ ጀርመንን ሲገጥም ስለ ጦር አውሮፕላን እየዘፈነ ሲያላግጥ፣ በሌላኛው ወገን እንዲህ ያለ ልጅ እንዳለ አያስብም። በእርግጥ በእርሱም አገር እንዲሁ አባቱን ሳያይ ያደገ ልጅ ሞልቷል።

ፉክክር መጥፎ ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም የተፎካካሪን ያህል ውድ ነገር ኳስ ውስጥ የለም። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ሊሎንግዌ ላይ ዋሊያዎቹ ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 ሲረቱ፣ የደስታው መጠን የጨመረው ተጋጣሚዋ ግብፅ ስለሆነች ነው። የዓባይ ጉዳይም ቅመም ጨምሮበታል። ግን ያን ምሽት ማንም ልጅ አባቱን አላጣም። የተሸነፈው ለሚቀጥለው ጨዋታ ተዘጋጀ፤ ያሸነፈውም እንዲሁ። ኳስ ተጋጣሚውን ለነገ ይፈልገዋል፤ ጦርነት ግን ለነገ አያስቀረውም።

አገር ውስጥም ትምህርቱ ቅርብ ነው። በኅዳር 2010 ዓ.ም. የወልዲያና የመቀሌ ጨዋታ ሰበብ ሆኖ በተነሳ ግጭት ሰው ሞቷል። የአማራና የትግራይ ክለቦች በገለልተኛ ሜዳ እንዲጫወቱ እስከማድረግም ተደርሶ ነበር። ስታዲየም ውስጥ የተጀመረው ስድብ በብሔር ስም ሲሆን ብዙ ሰው «የደጋፊ ነገር» ብሎ አለፈው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ፈነዳ። በ2011 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ያነሳው መቀሌ 70 እንደርታን ጨምሮ የትግራይ ክለቦች ከሊጉ ጠፉ። የተመለሱት የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. ነው። ስድቡ ጦርነቱን ወለደው ማለት አይደለም፤ ግን ያን ጊዜ ደወሉ ተደውሎ ነበር።

ከመጠለያው አጠገብ

የአፍጋኒስታኗ ተወላጅ ናዲያ ናዲም አባቷ የጦር ጄኔራል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2000 ታሊባን ገደላቸው። እናቷ አምስት ሴት ልጆቿን ይዛ ተሰደደችና ዴንማርክ ገቡ። ናዲያ ኳስን የለመደችው ከስደተኞች መጠለያው አጠገብ በነበረ ሜዳ ነው። ለዴንማርክ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፋ በ2017 የአውሮፓ ዋንጫ ፍፃሜ ላይ ጎል አገባች፤ ቆይታም በህክምና ዶክተርነት ተመረቀች። አባቷን የመለሰላት የለም። ያደረሳት ግን እናቷ፣ ትምህርቷና ያ ሜዳ ነው።

የጎቲቲን ነገር ወደዚህ የሚያመጣውም ይኸው ነው። ጌዴኦና ጉጂ ሲጣሉ የሚታረቁበት ጎንዶሮ የሚባል የቆየ ሥርዓት አላቸው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ደም ታጥቦ፣ ከዚያ ወዲያ ቂም ማንሳት ነውር ይሆናል። ጎንዶሮ የአገር ሽማግሌ ፊሽካ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ አበቃ ከተባለ አበቃ ነው። ልዩነቱ ሜዳ ላይ ፊሽካው በ90ኛው ደቂቃ ይነፋል። ሌላው ላይ ግን እስኪነፋ ድረስ ስንት ቤት አባወራውን እንዳጣ የሚቆጥረው የለም።

ሉቺያኖ ቫሳሎ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ ጣልያን ውስጥ አረፈ። ያነሳት ዋንጫ እስከ ዛሬ ድረስ ለኢትዮጵያ ብቸኛዋ የአፍሪካ ዋንጫ ናት። የተወለደባት ከተማ የሌላ አገር ዋና ከተማ ሆናለች፤ የሞተውም በአባቱ አገር ነው። እስቲ በሚቀጥለው ጨዋታ ደጋፊ ለተጋጣሚው የሚለውን ክፉ ቃል ከአፉ ከማውጣቱ በፊት፣ ያንን ዋንጫ ያነሳው እጅ የማን ልጅ እንደነበር ያስታውስ።