ስለ አዲሱ የፀሐይ ኃይል ምርምር ነጋዴው ሊያውቀው የሚገባ ነገር

ከደሴ በስተምዕራብ በሚገኘው በመካነ ሰላምና በአካባቢው ደጋ፥ የመብራት መስመር ያልደረሰበት ገጠር ብዙ ስለ ሆነ፥ በተለምዶ ሶላር የሚባለው የፀሐይ መብራት በየሱቁ የሚፈለግ ዕቃ ሆኗል። ገበሬው ይህን ዕቃ የሚገዛው በግ ወይም እህል ሸጦ ነው። ዕቃው በክረምት መካከል ቢበላሽ የገዢው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የባለሱቁም ስም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ስለ አዳዲስ የሶላር ዓይነቶች የሚነገረውን መርምሮ መለየት ለነጋዴ እጅግ አስፈላጊ ነው።

ዛሬ በገበያ ያለው ሶላር ከሞላ ጎደል ሲሊከን ከሚባለው ንጥረ ነገር የተሠራ ነው። ሲሊከንን ለማቅለጥ ከ1400 ዲግሪ በላይ ሙቀት ያስፈልጋል። ሊቃውንት በቀላሉ የሚሠራ ሌላ ነገር የሚሹበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት በቀለም የሚሠራው ነው። ብራያን ኦሬጋንና ሚካኤል ግሬትሰል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1991 በስዊስ አገር እንዳሳዩት፥ ቀለሙ ብርሃንን ተቀብሎ ኤሌክትሮኑን ለቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፥ ማለት ለነጭ የግድግዳ ቀለም መሥሪያ ለሚሆነው ዱቄት፥ ያስተላልፋል፤ አዮዲን ያለበት ፈሳሽም የጎደለውን ይተካል። ለዚህ ሥራ የታወቁት ቀለሞች ሩቴኒየም ከተባለ ውድ ማዕድን የሚሠሩ ናቸው። በአገራችንም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ተከተል ዮሐንስና ባልደረቦቻቸው በ2012 ባወጡት ጥናት፥ ልጆች ለቅመው ከሚበሉት ከዶቅማ ያወጡትን ቀለም ለዚሁ ሞክረዋል። ይሁን እንጂ በዕፀዋት ቀለም የሚሠራው ሶላር ከሚያገኘው ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው በአብዛኛው ከመቶ ሁለት እጅ አይበልጥም፤ ቀለሙም ከጊዜ ብዛት ይደበዝዛል።

ሁለተኛው ፔሮቭስካይት ይባላል። ብዙውን ጊዜ እርሳስ ከተባለው ብረትና ከአዮዲን ይዘጋጃል፤ ተሟሙቶም በመስተዋት ላይ ሊቀባ ይችላል። በ2009 የጃፓኑ ሊቅ ሚያሳካና ባልደረቦቹ ሲጀምሩት ከመቶ 3.8 እጅ ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ዛሬ በቤተ ሙከራ ከ26 እጅ አልፏል። በ2024ም ኦክስፎርድ ፒቪ የተባለው ኩባንያ ፔሮቭስካይት በሲሊከን ላይ የተደረበበትን ሰሌዳ ለገበያ ልኳል።

ነገር ግን የፔሮቭስካይት ትልቁ ጠላት እርጥበት ነው። ውሃ ከገባበት ይፈርሳል፤ በውስጡ ያለው እርሳስም መርዝ ነው። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ለሚበረታበት ለወሎ ደጋ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ስለዚህ አስመጪው አዲስ ዓይነት ሰሌዳ ሲቀርብለት ከዋጋው አስቀድሞ ሁለት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፥ ሰሌዳው አይኢሲ 61215 የተባለውን ዓለም አቀፍ ፈተና ማለፉን የሚገልጽ ወረቀት፤ በዚህ ፈተና ሰሌዳው በ85 ዲግሪ ሙቀትና በመቶ 85 እጅ እርጥበት ውስጥ 1000 ሰዓት ይቆያል። ሁለተኛ፥ የዋስትናውን ዘመን በጽሑፍ። ጥሩ የሲሊከን ሰሌዳ የ25 ዓመት ዋስትና ስለሚሰጥበት፥ አዲሱ ዕቃ ከዚህ ጋር ተነጻጽሮ ይመዘን። ምርምሩ ተስፋ የሚሰጥ ቢሆንም፥ ይህን ማስረጃ እስኪያቀርብ ድረስ በሲሊከኑ መነገዱ ለገዢውም ለሻጩም የሚበጅ ነው።