የግዛቶች መብትና የፌዴራል ሥልጣን በአሜሪካ

አሜሪካዊ ዜጋ በሁለት መንግሥታት ሥር ይኖራል። መንጃ ፈቃድና የጋብቻ ወረቀት የሚሰጠው፣ ትምህርት ቤቶችን የሚመራውና አብዛኛውን ወንጀል የሚዳኘው የሚኖርበት ግዛት ነው። ፓስፖርት፣ ዜግነት፣ መከላከያና የውጭ ጉዳይ ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ድርሻ ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር ግን ከአገሪቱ ምሥረታ ጀምሮ ሲያከራክር ኖሯል።

እ.ኤ.አ. በ1776 ነፃነታቸውን ያወጁት 13 ግዛቶች መጀመሪያ የተሳሰሩት በላላ ውል ነበር። በ1781 የጸደቀው የኮንፌዴሬሽን ሰነድ ለኮንግረሱ ግብር የመጣል ሥልጣን ስላልሰጠው፣ የነፃነት ጦርነቱን ዕዳ ለመክፈል እንኳ ግዛቶቹን መለመን ነበረበት። በ1787 በፊላደልፊያ የተረቀቀው ሕገ መንግሥት ይህን ድክመት አረመ። ኮንግረሱ ግብር እንዲጥል፣ ጦርነት እንዲያውጅና በግዛቶች መካከል የሚካሄደውን ንግድ እንዲቆጣጠር አስቻለው፤ የግዛት ሕግ ከፌዴራል ሕግ ጋር ሲጋጭም የፌዴራሉ እንዲጸና ደነገገ። ማዕከሉ ይጫነናል ብለው የሰጉትን ለማረጋጋት ደግሞ በ1791 የጸደቀው 10ኛው ማሻሻያ፣ ለፌዴራሉ ያልተሰጠና ለግዛቶች ያልተከለከለ ሥልጣን ሁሉ የግዛቶቹ ወይም የሕዝቡ እንደሆነ አረጋገጠ።

ይህ ድንጋጌ ክርክሩን አልዘጋውም። ሜሪላንድ በብሔራዊው ባንክ ላይ ግብር በጣለች ጊዜ በዋና ዳኛ ጆን ማርሻል የሚመራው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1819 ፈረደባት። ኮንግረሱ ባንክ የማቋቋም ሥልጣኑ በግልጽ ባይጻፍም ለተሰጡት ተግባራት ስለሚያገለግለው ሕጋዊ ነው፤ ግዛትም በግብር ሊያፈርሰው አይችልም ተባለ።

ከሁሉ የከፋው ጠብ በባርነት ላይ የተነሣው ነው። የደቡብ ግዛቶች የግዛት መብትን የባርነት ጋሻ አደረጉት። ያመለጡ ባሪያዎች ተይዘው እንዲመለሱ የሚያስገድደው የ1850 የፌዴራል ሕግ ሲወጣ ግን እነዚሁ ግዛቶች የማዕከሉን ክንድ ደገፉ፤ በግዛት መብት ስም ሕጉን የተቃወመችው ሰሜናዊቷ ዊስኮንሲን ነበረች። ይህ ጠብ አስነሥቶት ከ1861 እስከ 1865 ከተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ፣ በ1868 የጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ ግዛቶች ማንንም ሰው እኩል የሕግ ጥበቃን እንዳይነፍጉ ከለከለ። በ1957 የአርካንሳስ አገረ ገዥ ጥቁር ተማሪዎች ወደ ሊትል ሮክ ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ሲያግድ፣ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፌዴራል ወታደሮችን የላኩት ይህን መብት ለማስከበር ነው።

ዛሬ ማዕከሉ ፈቃዱን የሚያስፈጽምበት አንዱ መንገድ ገንዘብ ነው። በ1984 የወጣ ሕግ ዕድሜያቸው 21 ላልሞላ ሰዎች መጠጥ እንዲሸጥ የሚፈቅዱ ግዛቶች የአውራ ጎዳና ድጋፋቸው እንዲቀነስ አዘዘ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1987 ሕጉን አጸናው። ይሁንና የግዛት ሹማምንትን በቀጥታ ማዘዝ አይቻልም። የፌዴራል ሕግ ሸሪፎች፣ ማለትም የአካባቢ ሕግ አስከባሪ ሹማምንት፣ የጠመንጃ ገዢዎችን ማንነት እንዲያጣሩ ባዘዘበት ጉዳይ ፍርድ ቤቱ በ1997 የወሰነው ይህን ነው። ያኔ የከሰሱት ሸሪፎች የጠመንጃ ቁጥጥርን ይቃወሙ ነበር፤ ዛሬ በዚያው ፍርድ የሚጠቀሙት ደግሞ ስደተኞችን በመያዝ አንተባበርም የሚሉ ከተሞችና ግዛቶች ናቸው። በ2022 ፍርድ ቤቱ የፅንስ ማቋረጥን ጉዳይ ለግዛቶች በመመለሱ፣ በአንዱ ግዛት የተፈቀደው በጎረቤቱ ወንጀል ሆኗል።

የግዛት መብት እንግዲህ የአንድ ወገን ንብረት ሆኖ አያውቅም። ባርነትን አጽንቷል፤ ለባርነት የቆመን ሕግም ተቃውሟል። የፌዴራል ሥልጣንም እንዲሁ ያመለጠውን ባሪያ አሳዷል፤ ጥቁሩን ተማሪም ጠብቋል። ስለዚህ የሁለቱን ክርክር በፍትሕ ለመመዘን፣ ሥልጣኑ የማን ነው ከሚለው ጥያቄ ጋር፣ በዚያ ሥልጣን የሚጠበቀው ወይም የሚጣሰው የማን መብት ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።