ከተሽከርካሪ የሚወጣ የሙዚቃ ጩኸትና ጤና፦ ከጋምቤላ ከተማ የቀረበ ምልከታ

አንድ ሌሊት በጋምቤላ ከተማ በሚገኝ አንድ የጤና ተቋም ማዋለጃ ክፍል ተረኛ ነበርኩ። አዋላጅ ነርሷ ምጥ ከጠናባት እናት አጠገብ ቆማ፣ የእንጨቱን ፒናርድ ሆዷ ላይ አሳርፋ፣ ጆሮዋን አስደግፋ፣ ዓይኗን የግድግዳው ሰዓት ላይ ተክላ የፅንሱን የልብ ምት ትቆጥራለች። በባትሪ የሚሠራው ማዳመጫ በዚያ ሌሊት ባትሪው አልቆ ነበር። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ከአጥሩ ውጭ አንድ ባጃጅ ቆመ፤ ሙዚቃውም ክፍሉን ሞላው። ነርሷ ቀና ብላ፣ «ዶክተር፣ የምሰማው የልጁን ልብ ይሁን ከበሮውን መለየት አልቻልኩም» አለችኝ።

ወደ በሩ ወጣሁ። ሾፌሩ ሃያ ዓመት ያህል የሚሆነው ወጣት ነው። እናቲቱን ከቤቷ ያደረሳት እርሱ ራሱ ነበር። አብረዋት የመጡትን ዘመዶች ለመመለስ እየጠበቀ ሳለ እንቅልፍ እንዳይወስደው ሙዚቃውን ከፍ አድርጎታል። «ወንድሜ፣ እባክህ ቀንስልን፤ የሕፃን ልብ እያዳመጥን ነው» አልኩት። ሁለት ጊዜ እንድደግምለት ጠየቀኝ። በመጨረሻ ሲገባው ወዲያው አጠፋውና፣ «ይቅርታ ዶክተር፣ እዚያ ድረስ የሚሰማ አልመሰለኝም» አለ።

ስመለስ ነርሷ ሙሉውን ደቂቃ ቆጠረች። ከእያንዳንዱ ምጥ በኋላ የልብ ምቱ ወደ 100 ይወርድና ቶሎ አይመለስም ነበር። የማሕፀን በር ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ስለነበር ሕፃኑ በቫኪዩም ታግዞ በሕይወት ተወለደ። ዝምታው ባይገኝ ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ሆኖም ከዚያ ሌሊት ወዲህ ሁለት ነገሮች ከአእምሮዬ አልወጡም። አንደኛው፣ ወጣቱ ክፉ ሰው አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የተናገርኩትን ሁለት ጊዜ እንድደግምለት መጠየቁ ነው። ይህ ጽሑፍ በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ያተኩራል።

የድምፅ መጠንና አለካኩ

የድምፅ መጠን የሚለካው በዴሲቤል ነው። የዴሲቤል መለኪያ እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር ቀጥታ የሚደመር አይደለም። መጠኑ በ3 ዴሲቤል ሲጨምር ወደ ጆሮ የሚደርሰው የድምፅ ኃይል እጥፍ ይሆናል፤ በ10 ዴሲቤል ሲጨምር ኃይሉ አሥር እጥፍ ያድጋል፤ ሰሚው ግን ድምፁ የጨመረው በእጥፍ ያህል ብቻ ይመስለዋል። የጉዳቱ ስውርነት እዚህ ላይ ነው፤ ጆሮ የሚቀበለው ጫና ሰውየው ከሚሰማው ስሜት በብዙ ይበልጣል።

በሥራ ቦታ ጤና ዘንድ ተቀባይነት ባገኘው ስሌት መሠረት አንድ ሰው ለ85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መጋለጥ የለበትም። መጠኑ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ለ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ ለ91 ዴሲቤል 2 ሰዓት፣ ለ94 ዴሲቤል 1 ሰዓት፣ ለ100 ዴሲቤል ደግሞ 15 ደቂቃ ብቻ ይፈቀዳል። ከጠዋት እስከ ማታ በተከፈተ ድምፅ ማጉያ አጠገብ የሚውል ሾፌርና ረዳት ይህን ገደብ ገና ከቀኑ መጀመሪያ ላይ ሊያልፉት ይችላሉ።

ድምፅ በገላጣ ቦታ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ከመኪናው 2 ሜትር ርቀት ላይ 100 ዴሲቤል የሆነ ሙዚቃ በ4 ሜትር 94፣ በ8 ሜትር 88፣ በ16 ሜትር 82፣ በ32 ሜትር 76፣ በ64 ሜትር ደግሞ 70 ዴሲቤል ይሆናል ማለት ነው። ለሾፌሩ ሩቅ የሚመስለው ቤት ለድምፁ ሩቅ አይደለም። በተለይ የከበሮና የቤዝ ድምፅ ግድግዳን ዘልቆ የመግባት ባሕርይ አለው፤ ግጥሙ ሳይሰማ ምቱ ብቻ ደረት ላይ የሚያርፈው ለዚህ ነው።

ጩኸት በውስጠኛው ጆሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

በእያንዳንዱ ውስጠኛ ጆሮ ኮክሊያ ውስጥ 15,000 ያህል ፀጉር መሰል ሕዋሳት ይገኛሉ። ከእነዚህ ውስጥ 3,500 ያህሉ የውስጠኛው ረድፍ ሲሆኑ ድምፅን ወደ ነርቭ የሚያስተላልፉ ናቸው፤ 12,000 ያህሉ ደግሞ የውጭው ረድፍ ሲሆኑ ደካማ ድምፅን የሚያጎሉና የሚያጠሩ ናቸው። በጩኸት አስቀድመው የሚጎዱት የውጭዎቹ ናቸው። በሰው ልጅ ውስጥ እነዚህ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

ጉዳቱ ሲጀምር ጊዜያዊ ነው። ሰውየው ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ጆሮው ይደፈናል፣ ጭው ይላል፤ ጠዋት ሲነሳ ይሻለዋል። መጋለጡ በየዕለቱ ሲደጋገም ግን ጊዜያዊው ቋሚ ይሆናል። የመስማት ችሎታ ሲመረመር ጉድለቱ በመጀመሪያ የሚታየው በ4,000 ኸርዝ አካባቢ ነው። በዚህ ደረጃ ያለ ሰው «አልሰማም» አይልም፤ «እሰማለሁ፣ ግን አይለይልኝም» ነው የሚለው። ምክንያቱም አናባቢዎቹ ይሰሙታል፤ እንደ ሰ፣ ሸ፣ ፈና ጸ ያሉ ቀጫጭን ድምፆች ግን ያመልጡታል። በዚያ ሌሊት ወጣቱ ቃሌን ሁለት ጊዜ ያስደገመኝ ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ እየጨመረ ሲሄድ ደግሞ ሙዚቃውን ይበልጥ ከፍ ያደርገዋል፤ ይህም ጉዳቱን ያፋጥነዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የመስማት ጤና ሪፖርት ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች የተለያየ ደረጃ ያለው የመስማት ችግር እንዳለባቸው፣ ከ1 ቢሊዮን በላይ ወጣቶችም ጥንቃቄ በጎደለው የማዳመጥ ልማድ ምክንያት ለአደጋ የተጋለጡ መሆናቸውን ገልጿል። ይህ ዓይነቱ የመስማት ጉድለት መድኃኒት የለውም፤ መከላከያ ግን አለው።

ከጆሮ ባሻገር

የጩኸት ጉዳት በጆሮ ብቻ አይወሰንም። ድንገተኛና ተደጋጋሚ ድምፅ የሲምፓቴቲክ ነርቭን ያነቃል፤ የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ይላሉ፤ የኮርቲሶል መጠን ይጨምራል። ሰውየው ባይነቃም እንኳ እንቅልፉ ይቆራረጣል፤ ልቡና የደም ሥሮቹ ለድምፁ ምላሽ መስጠታቸውን አያቋርጡም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ በመኝታ ክፍል ውስጥ ያለው አማካይ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል፤ ለሕሙማን መኝታ ክፍልም ያስቀመጠው ገደብ ይኸው ነው።

በሥራችን ላይ የሚያደርሰውን እንቅፋት ደግሞ እኛው እናውቀዋለን። የደም ግፊትን በማዳመጫ ስንለካ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ድምፅ ይጠፋብናል። የሳንባ ምች የያዘውን ሕፃን ደረት ስናዳምጥ ረቂቁ ድምፅ ይሸፈንብናል። የፅንስ የልብ ምት በምጥ ሁለተኛ ደረጃ ላይ በየ5 ደቂቃው፣ ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ መደመጥ እንዳለበት መመሪያው ያዛል፤ ጸጥታ በሌለበት ይህን መፈጸም አይቻልም።

የጋምቤላ ልዩ ሁኔታ

ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በባሮ ወንዝ ዳር የተቀመጠች ቆላማ ከተማ ናት። በበጋው ወራት የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። በዚህ የተነሣ መስኮትና በር ክፍት ሆኖ ያድራል፤ ብዙ ሰውም በግቢው ውስጥ፣ በአጎበር ሥር ከውጭ ይተኛል። ደጋ ላይ የጭቃ ወይም የድንጋይ ግድግዳና የተዘጋ መስኮት የሚቀንሱት ድምፅ እዚህ ሳይቀነስ ይደርሳል። ባጃጅም በጎኑ ክፍት ስለሆነ ድምፁን አያፍነውም።

ሁለተኛው ነገር ወባ ነው። ክልሉ ወባ በብዛት ከሚተላለፍባቸው የአገራችን አካባቢዎች አንዱ ነው። ኩዊኒን የወሰደ ሕመምተኛ ጆሮው ጭው ሊልና ለጊዜው ሊደፈን እንደሚችል እናውቃለን። ጄንታማይሲን፣ ስትሬፕቶማይሲንና አሚካሲንም ኮክሊያን ይጎዳሉ፤ የእነዚህ ጉዳት ግን አብዛኛውን ጊዜ ቋሚ ነው። በመድኃኒት የተጎዳ ጆሮ ላይ ጩኸት ሲታከል ጉዳቱ ይበረታል። በልጅነት ታክሞ ያልዳነ የጆሮ መግልም ሌላው ተደራቢ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው የነዋሪው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2013 በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ክልሉ እጅግ ብዙ ስደተኞችን ተቀብሏል። የከተማዋ ነዋሪዎችም የግጭት ጊዜያትን አሳልፈዋል። የጥይት ድምፅ የሰማ ሰው በሌሊት ድንገት የሚያደነግጥ ምት ሲሰማ ሰውነቱ የሚያስታውሰው ሙዚቃን አይደለም። ይህን ሾፌሩ ሊያውቅ አይችልም፤ እኛ ግን ልንነግረው እንችላለን።

ሕጉ

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም የድምፅ ደረጃ እንዲወጣ ያዛል። በዚህ ረገድ ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው ወሰን በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ከላይ ባቀረብነው ስሌት መሠረት ያ ባጃጅ በ64 ሜትር ርቀት ላይ እንኳ ከሌሊቱ ወሰን በ25 ዴሲቤል ይበልጣል። ሆኖም የድምፅ መለኪያ በየመንገዱ ይዞ የሚቆም ተቆጣጣሪ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሕጉ ባልደረሰበት ቦታ የሚሠራው ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ደግሞ ሰው የሚያደርሰውን ጉዳት ሲያውቅ እንጂ ሳያውቅ አይመጣም።

ከጤና ባለሙያው የሚጠበቀው

በመጀመሪያ፣ ሾፌርና ረዳት ወደ ተመላላሽ ክፍል ሲመጡ ሦስት ጥያቄዎችን እንጠይቅ፦ ማታ ጆሮህ ጭው ይላል ወይ? ሰው ሲናገር ይሰማሃል ግን አይለይልህም ወይ? በቀን ስንት ሰዓት ከድምፅ ማጉያ አጠገብ ትውላለህ? በማስከተል ጆሮውን በኦቶስኮፕ እንመልከት፤ ኩክም ሆነ መግል ካለ እናክም፤ የወሰዳቸውንም መድኃኒቶች እንጠይቅ። በአንድ ክንድ ርቀት ከኋላው ቆሞ በሹክሹክታ መናገርና እንዲደግም መጠየቅ መሣሪያ አይፈልግም። በ512 ኸርዝ ቱኒንግ ፎርክ የሚደረገው ምርመራ ግን የቀጭን ድምፅ ጉድለትን ሊያሳየን እንደማይችል መዘንጋት የለብንም። ጥርጣሬ ካለ የመስማት ችሎታ ወደሚለካበት ተቋም እንላከው።

ሁለተኛ፣ ምክራችን አጭርና የሚፈጸም ይሁን። ሾፌር ሥራው ደንበኛ መሳብ ነው፤ «ሙዚቃ አትክፈት» ቢባል አይቀበልም፤ መባልም የለበትም። «አጠገብህ የተቀመጠውን ሰው ሳትጮህ ማነጋገር ካልቻልክ ድምፁ ለጆሮህ በዝቷል» የሚለውን ግን ይረዳዋል። ቤዙን መቀነስ፣ በየተወሰነ ሰዓት ጆሮን ማሳረፍ፣ በጤና ተቋም፣ በትምህርት ቤትና በልቅሶ ቤት አጠገብ ሲያልፉ መቀነስ፣ ከመሸ በኋላ ከመኪናው ውጭ እንዳይሰማ ማድረግ፤ እነዚህ ገንዘብ አይጠይቁም። ድምፁ ሲቀንስ የአምቡላንስ ሳይረንና የእግረኛ ጥሪ እንደሚሰማውም እንንገረው።

ሦስተኛ፣ ተቋሞቻችን የድርሻቸውን ይወጡ። በበሩ ላይ በአኙዋ፣ በኑዌርና በአማርኛ የተጻፈ ማሳሰቢያ ይሰቀል። የጥበቃ ሠራተኛው በቁጣ ሳይሆን በአክብሮት እንዲጠይቅ ይመከር። ከባጃጅና ከሚኒባስ ማኅበራት ጋር መነጋገርም ጠቃሚ ነው፤ አንድ የማኅበር ሊቀመንበር የሚናገረው ቃል ከአሥር ማስታወቂያ ይበልጣልና። ማዋለጃ ክፍል ሲሠራም በተቻለ መጠን ከመንገዱ ይራቅ።

አራተኛ፣ ራሳችንን እንመርምር። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» እንዲሉ፣ የተቋም መኪና ውስጥ ተቀምጠን ሙዚቃ የምንከፍት፣ በሕሙማን ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥን የምናስጮኽ፣ የእጅ ስልካችንን ድምፅ ሳንቀንስ ሕመምተኛ የምንጎበኝ ባለሙያዎች ጥቂት አይደለንም። ሾፌሩን ከመምከራችን በፊት ይህን ማረም ይገባናል።

ማጠቃለያ

ሙዚቃ ለጋምቤላ ሕዝብ ደስታውም፣ ሐዘኑም፣ ማንነቱም ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሙዚቃን መንቀፍ አይደለም። ጉዳዩ የመጠን፣ የሰዓትና የቦታ ጉዳይ ነው። ያን ወጣት በማግስቱ በጠዋት ተቋሙ በር ላይ አገኘሁት፤ የእናቲቱን ዘመዶች ይዞ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ሕፃኑ ደኅና እንደሆነ ስነግረው በጣም ደስ አለው። ጆሮውን እንድመረምረውም ጠየቅሁት፤ ማታ ማታ ጭው እንደሚለው፣ ከሥራው የመጣ ስለመሰለው ግን ለማንም ተናግሮ እንደማያውቅ አጫወተኝ። የሰውን እረፍት ይነሣል ብለን የምንወቅሰው ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የተጎዳው እርሱ ራሱ ነው። በዚህ ዓይን ካየነው ጥያቄያችን ወቀሳ መሆኑ ይቀራል፤ ሕክምና ይሆናል።