ትንሹ ባቡር በቤታችን፦ ሐዲድ ከመግዛታችን በፊት

የዛሬው ንግግራችን ስለ ባቡር ነው፤ ስለ ትልቁ ሳይሆን በቤት ውስጥ በሰሌዳ ላይ ስለሚሠራው የልጆች ባቡር።

አዲስ በገባ ቤተሰብ ዘንድ ዕብራይስጡን ቶሎ የሚለምደው ልጁ ነው። የመጫወቻውን መመሪያ እሱ ያነባል፤ ወላጅ ዳር ቆሞ ይመለከታል። ሐዲድ መዘርጋት ግን ከማንበብ ይልቅ መለካት፣ ማሰብና በእጅ መሥራት የሚጠይቅ ነው። ቤት የሠራ፣ እርሻ ያረሰ፣ ስፌት የሰፋ ሰው ይህን ያውቃል። ስለዚህ ልጁ መመሪያውን ያንብብ፤ አባትና እናት ደግሞ ልኩን ይውሰዱ።

መጀመሪያ ከትልቁ ባቡር እንማር። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው ባቡር መስመሩ ነጠላ ነበር። ከሁለት አቅጣጫ የሚመጡ ባቡሮች የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ነው፤ አንዱ በጎን ሐዲድ ገብቶ ይጠብቃል፣ ሌላው ያልፋል። የእኛ የአሽቀሎን ጣቢያም እ.ኤ.አ. በ2005 ሲከፈት የመስመሩ መጨረሻ ነበር፤ በ2013 መስመሩ ወደ ስዴሮት ሲቀጠል መተላለፊያ ሆነ። እኛም ሰሌዳ ላይ ከመዘርጋታችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፦ ባቡሩ ወዴት ይሄዳል? የት ይቆማል? ሌላው በየት ያልፈዋል?

ቀጥሎ መጠኑ ነው። «ኤች ኦ» የሚባለው ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያንሳል፤ «ኤን» የሚባለው 160 ጊዜ ያንሳል። ባቡሩ ሰሌዳው ጫፍ ላይ ዞሮ እንዲመለስ ለኤች ኦ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያስፈልጋል፤ ለኤን 60 ይበቃል። ለጠባብ ቤት 120 በ60 የሆነ ኮምፔልሳቶና ኤን ይስማማሉ። ኤን ግን ደቃቅ ስለሆነ ለሕፃን እጅ አይሰጥም።

ሥዕሉን በልጁ የሒሳብ ደብተር ላይ ሥሩ። 1 ሴንቲ ሜትር እንደ 10 ይቆጠር፤ ሰሌዳው 12 በ6 ይሆናል። አንድ ዙር ሳሉ። በአንዱ ጎን ማሳለፊያ ሐዲድ፣ በሌላው ጎን ዕቃ የሚራገፍበት ማቆሚያ ሐዲድ ጨምሩ። ለዚህ 3 መቀየሪያ ብቻ ያስፈልጋል። መቀየሪያ የምንለው ሐዲዱ ለሁለት የሚከፈልበትን ክፍል ነው፤ ቀጫጭን የብረት ምላሶቹ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሲገፉ ባቡሩ መንገዱን ይለውጣል።

ማሳለፊያው ረጅሙን ባቡር ሙሉ በሙሉ መያዝ አለበት። ጎታቹ ሞተርና ሁለት ፉርጎ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆኑ፣ ከ35 ያላነሰ ነጻ ቦታ ተዉ። ይህም የሚለካው ሁለት ባቡር ሳይነካካ ከሚተላለፍበት ቦታ ጀምሮ ነው እንጂ ከመቀየሪያው አፍ አይደለም።

መቀየሪያውን በእጅ መግፋት ለጀማሪ ይበቃል፤ ብቻ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ውስጡ ጥቅል ሽቦ አለው፤ ለአንድ አፍታ ኮረንቲ ሲያገኝ ምላሶቹን ይስባል። ስለዚህ ቁልፉ እንደ በር ደወል ተጭነው ሲለቁት የሚመለስ መሆን አለበት። እንደ አምፖል ማብሪያ በርቶ ከቀረ ሽቦው ግሎ ይቃጠላል።

ባቡሩ ኮረንቲ የሚያገኘው ከሁለቱ የሐዲድ ዘንጎች ነው፤ አንዱ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ነው። ሁለት ባቡር ካለ፣ አንዱ ሲነሣ ቆሞ የሚጠብቀውም አብሮ ይነሣል። ይህ እንዳይሆን ማሳለፊያው ላይ ባሉት ሁለት መንገዶች በእያንዳንዳቸው አንዱ ዘንግ በፕላስቲክ መጋጠሚያ ተለይቶ የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ይደረግለት። ሐዲዱ ዞሮ ባቡሩን በመጣበት መስመር ወደ ኋላ እንዲመልስ አድርጋችሁ ደግሞ አትሳሉ፤ ፖዘቲቩ ከኔጋቲቩ ይገናኝና ኮረንቲው ይቋረጣል። ዛሬ እያንዳንዱን ባቡር ለብቻ የሚያዝ ዲጂታል መሣሪያም አለ፤ ለመጀመሪያ ግን አያስፈልግም።

ስለ ቤታችንም እናስብ። የግድግዳው ኮረንቲ 230 ቮልት ነው፤ ትንሹ ባቡር የሚሠራው በ12 ቮልት ገደማ ነው። በመካከል ያለውን ትራንስፎርመር ማንም እንዳይከፍት፤ የተላጠ ሽቦ ካያችሁ አትጠቀሙበት። ሰንበት በሚከበርበት ቤት ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይነቀል። ሰሌዳው ማማድ ውስጥ ከተቀመጠ በሩን እንዳይዘጋ፤ ሲረን ሲጮኽ ቤተሰቡ በሴኮንዶች ውስጥ መግባት አለበት። ከጨዋታ በኋላ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆም ሰሌዳ ይሻላል። ከእውነተኛው ሐዲድ አጠገብ ግን ፈጽሞ ጨዋታ እንደሌለ ለልጆች ደጋግማችሁ ንገሯቸው።

«ይህ ሁሉ ለጨዋታ?» የሚል ይኖራል። በአሜሪካ የኤም አይ ቲ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1946 የትንሽ ባቡር ክበብ መሠረቱ። ከሰሌዳው ሥር የመቀየሪያዎቹን ሽቦና ቁልፍ ሲያበጁ ከነበሩት አባላት አንዳንዶቹ፣ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከቀደምት የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሪዎች መካከል ሆኑ። «ይህ ቁልፍ ሲጫን ባቡሩ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ አስቀድሞ ማሰብ ራሱ ትምህርት ነው።

በዚህ ሳምንት ምንም አትግዙ። ደብተር፣ ማስመሪያና ክር ይበቃል። ክሩን መሬት ላይ በልኩ ዘርጉ፤ ልጁ ባቡሩን በጣቱ ይንዳ፣ እናንተ መቀየሪያውን ያዙ። ሁለቱ ባቡሮች ሳይጋጩ ከተላለፉ ወደ ገበያ መሄድ ይቻላል። ደኅና ሁኑ።