ሩዶልፍ ስታይነር፤ የመንፈሳዊ ማኅበር መሪና ተውኔት ጸሐፊ

የመንፈሳዊ ማኅበር መሪ ትምህርቱን በንግግርና በመጽሐፍ ማሰራጨቱ የተለመደ ነው። ሩዶልፍ ስታይነር ግን ከዚህ አልፎ ተውኔት ጻፈ። በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ተውኔቱ ለማኅበሩ ምን እንዳስገኘለትና በመሪው ላይ የተነሣው ክርክር ከምን እንደ መነጨ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስታይነር በ1861 ዛሬ ክሮኤሽያ በምትባለው፣ ያን ጊዜ ግን በኦስትሪያ ሥር በነበረችው አገር ተወለደ። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ልጁ በቪየና የተፈጥሮ ሳይንስና ሒሳብ ተማረ፤ የባለቅኔውን የጎተን የሳይንስ ጽሑፎች አዘጋጅቶ አሳተመ፤ በ1891ም ከሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ በፍልስፍና የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። በ1902 የቴኦሶፊ ማኅበር የጀርመን ክፍል ዋና ጸሐፊ ሆነ። የማኅበሩ መሪዎች ክሪሽናሙርቲ የተባለውን ሕንዳዊ ወጣት የዓለም መምህር ማደሪያ ነው ባሉ ጊዜ ግን አልተቀበለም፤ ተለይቶም አንትሮፖሶፊ የተባለውን ማኅበር መሠረተ።

ከ1910 እስከ 1913 በየበጋው በሙኒክ ከተማ አዲስ ተውኔት ለመድረክ አቀረበ። በአራቱም ተውኔቶች አንድ ሠዓሊ፣ አንድ የታሪክ ፕሮፌሰርና አንድ የሳይንስ ሰው ከሌሎች ጋር በአንድ መንፈሳዊ መምህር ዙሪያ ይሰበሰባሉ። በሁለተኛው ተውኔት የቀድሞ ሕይወታቸው በመካከለኛው ዘመን፣ በአራተኛው ደግሞ በጥንታዊት ግብፅ ይታያል። በንግግር አዳራሽ አድማጩ «ማስረጃህ ምንድን ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በመድረክ ላይ ግን መንፈስ ራሱ ወጥቶ ሲናገር ጥያቄው ይረሳል። የተውኔቱ ኃይልም አደጋውም ከዚህ ላይ ነው።

ለተውኔቶቹ ቤት ስላስፈለገ በ1913 በስዊስ አገር፣ በዶርናክ፣ ባለ ሁለት ጉልላት የእንጨት ሕንፃ ተጀመረ። ይህም በ1922 የመጨረሻ ሌሊት ተቃጠለ። በሲሚንቶ የተሠራው ምትኩ የተከፈተው ስታይነር በ1925 ከሞተ በኋላ፣ በ1928 ነው።

በ1919 በሽቱትጋርት ለሲጋራ ፋብሪካ ሠራተኞች ልጆች የተከፈተው ትምህርት ቤት ዛሬ በብዙ አገሮች ተከታዮች አሉት። የናዚ መንግሥት በ1935 የጀርመኑን ማኅበር አገደ። ይሁን እንጂ መታገድ ብቻውን ከነቀፋ ነጻ አያደርግም። ስታይነር ሰው ከዘሩ በላይ መሆኑን ቢጽፍም፣ በሌላ ስፍራ ጥቁሮችን ዝቅ የሚያደርጉ ቃላት ተናግሯል። እኛ አፍሪካውያን ተማሪዎች ይህን በዝምታ ልናልፈው አይገባም።

በእኛ አስተያየት ሦስቱ ነገሮች ተለይተው መመዘን አለባቸው። ትምህርት ቤቱ በልጆቹ ዕውቀት ይመዘናል፤ ተውኔቱም በተመልካች ፊት ይመዘናል። «የመንፈስን ዓለም አያለሁ» የሚለው ቃል ግን በሌላ ሰው ሊመረመር አይችልም። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ መልካምነት ወይም የመድረኩ ውበት ለዚህ ቃል ዋስ ሊሆነው አይገባም።