መኪናው ከመቁረጡ በፊት ንድፉ ይታረም

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ዓለም ባንክ እየተባለ በሚጠራው ሠፈር የሚኖሩ አንዲት ጎረቤቴ ባለፈው ሰኔ ወር አንዱን ሌሊት ያለ እንቅልፍ አሳልፈዋል። ወይዘሮዋ ቀን በመሥሪያ ቤት ይውላሉ፤ ማታ ደግሞ ልጆቻቸውን ካበሉና ካስተኙ በኋላ በአንዲት አነስተኛ የመቁረጫ መኪና የሠርግ ካርድ፣ የክርስትናና የልደት ጌጣጌጥ እያዘጋጁ ለቤታቸው ድጎማ የሚሆን ገቢ ያገኛሉ። በዚያን ሰሞን ለ30 ሕፃናት ምርቃት በሚሆን ካናቴራ ላይ የእያንዳንዱን ሕፃን ስም ጽፈው ሊያስረክቡ ተስማምተው ቅድሚያ ክፍያ ተቀብለው ነበር።

ሠላሳውንም ስም በካውያ ከሚለጠፍ ቪኒል ቆረጡ። ትርፉን በመርፌ ጫፍ እየለቀሙ አነሡ። ከዚያም የመጀመሪያውን ስም ካናቴራ ላይ አድርገው ተኮሱና መሸፈኛውን ፕላስቲክ ላጡት። ውኃ ጠምቷት ከመኝታዋ የተነሣችው የ7 ዓመት ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ ተመለከተችና፣ «እማዬ፣ ፊደሉ ተገልብጧል» አለቻቸው። እውነቷን ነበር። ስሙ በመስተዋት ውስጥ እንደሚታይ ጽሕፈት ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኗል። ሠላሳውም ስም የተቆረጠው በዚያው ዓይነት ነበር።

ወይዘሮዋ በማግሥቱ ለዕቁብ ያስቀመጡትን ገንዘብ አንሥተው አዲስ ቪኒልና አንድ ካናቴራ ገዙ፤ ሥራውንም በሌላ ሌሊት ጨርሰው በቀጠሮው አስረከቡ። ሕፃናቱም በስማቸው ደምቀው ተመረቁ። ይሁን እንጂ ከሥራው የቀራቸው ትርፍ ድካም ብቻ እንደነበረ አጫውተውኛል። ስሕተቱ የመኪናው አልነበረም። መኪናው የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል። ስሕተቱ የንድፉ ነበር።

ይህን ዓይነት መኪና በውጭ አገር በሚኖሩ ዘመዶቻቸው አማካይነት እያስመጡ ወይም እዚሁ ገዝተው በየቤታቸው የሚሠሩ እናቶችና ወጣት ሴቶች ስላሉ፣ ከጎረቤቴ የተማርኩትንና በዚህ ሥራ ሊታወቅ የሚገባውን ለዚህ ዓምድ አንባቢያን ማካፈል ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የቆየ ሙያ በአዲስ መሣሪያ

ንድፍ አስቀድሞ ማዘጋጀት ለኢትዮጵያ ሴቶች አዲስ ነገር አይደለም። ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የአበባውን ቅርጽ በወረቀት ላይ ነድፈን፣ በካርቦን ወረቀት ወደ ጨርቅ አሳልፈን፣ ከዚያ በኋላ ነበር መርፌና ክር የምናነሣው። በዚሁ በኮልፌ ቀራንዮ፣ በዘነበወርቅ ሠፈር በ1958 ዓ.ም. በተቋቋመው የአለርት ሆስፒታል አካባቢ፣ የሥጋ ደዌ ጣቶቻቸውን የጎዳባቸው ሰዎች በጥልፍ ሥራቸው ታውቀዋል። በእንዲህ ያለ እጅ የተሠራ ጥልፍ ያማረ ሆኖ ሲታይ፣ ከመርፌው በፊት ንድፉ በጥንቃቄ መሠራቱን ያስረዳል።

የመቁረጫው መኪና ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ስትሆን፣ በማተሚያ ውስጥ ቀለም በሚገባበት ቦታ ትንሽ ቢላዋ አላት። ከኮምፒዩተር ወይም ከእጅ ስልክ የሚደርሳትን መሥመር ተከትላ ወረቀት፣ ስቲከር፣ ቪኒልና ስስ ጨርቅ ትቆርጣለች። ክሪከትና ሲልሆውት የሚባሉት በዓለም ገበያ የታወቁ የቤት ውስጥ ዓይነቶች ናቸው። በየማስታወቂያ ቤቱ የመስኮትና የመኪና ጽሑፍ የሚቆርጠው ፕሎተር የዚህችው ታላቅ ወንድም ነው ለማለት ይቻላል።

ሥዕሉና መሥመሩ የተለያዩ ናቸው

ጀማሪዎችን ብዙ ጊዜ የሚያደናግረው ይህ ነው። ለዓይን አንድ የሚመስለው ንድፍ ለመኪናው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በቀለም የሚታተመው ሥዕል ነው፤ ከጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። ሁለተኛው ቢላዋው የሚከተለው መሥመር ነው፤ መሥመሩ በነጥብ ሳይሆን በልክ የተሰመረ በመሆኑ ቢያሳድጉትም ቢያሳንሱትም አይበላሽም።

ካርድ ወይም ስም ብቻ የሚቆረጥ ከሆነ መሥመሩ ይበቃል፤ ፋይሉም ኤስ ቪ ጂ በሚባለው ዓይነት ይቀመጣል። ባለ ቀለም ስቲከር የሚሠራ ከሆነ ግን ሥዕሉ ጀርባው ባዶ ሆኖ ፒ ኤን ጂ በሚባለው ዓይነት መዘጋጀት አለበት። ጀርባው ነጭ ቀለም ያለው ሥዕል ከተላከ መኪናው አበባውን ሳይሆን በዙሪያው ያለውን አራት ማዕዘን ይቆርጣል። ለዚህ ሥራ ኢንክስኬፕ የሚባለው ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚገኝ ሲሆን ኮምፒዩተር ላይ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ልኩ በሴንቲ ሜትር፣ ጥራቱ በነጥብ

ንድፍ ከመጀመሩ በፊት የሚለጠፍበት ዕቃ በሜትር ይለካ። ለኅትመት የሚያገለግል ሥዕል በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ2.54 ሴንቲ ሜትር ውስጥ፣ 300 ነጥብ ቢኖረው መልካም ነው። በዚህ ስሌት ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሥዕል 1,181 ያህል ነጥብ ያስፈልገዋል። ደንበኛ የልጇን ፎቶግራፍ በቴሌግራም ስትልክ እንደ ፎቶ ከላከችው በመንገድ ላይ ይታመቃል፤ ሲታተምም ሊደበዝዝ ይችላል። «እንደ ፋይል ላኪልኝ» ብሎ መጠየቅ በኋላ የሚመጣውን ቅሬታ ያስቀራል።

ወረቀትም በሒሳብ ይያዝ። ኤ4 ወረቀት 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር ቢሆንም፣ ለመኪናው ምልክትና ለጠርዝ የሚተው ቦታ ስላለ ሙሉው አይሠራበትም። ለሥራ የሚቀረው 17 በ23 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ስቲከር ግማሽ ሴንቲ ሜትር እየተራራቀ ቢደረደር በአግድም 3፣ በቁም 4፣ በጠቅላላው 12 ይወጣል። ለ60 የክርስትና እንግዶች 5 ወረቀት ይበቃል፤ ለብልሽት አንድ ይጨመር።

ትርፍ ቀለም መተው

ቀሚስ የምትሰፋ ሴት ለስፌት የሚሆን ትርፍ ጨርቅ ሳትተው አትቆርጥም። ስቲከርም እንዲሁ ነው። ቀለሙ ልክ መቁረጫው መሥመር ላይ ካበቃ፣ ቢላዋው በጥቂቱ ቢያዘነብል በጠርዙ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ይታያል። ስለዚህ ቀለሙ ከመቁረጫው መሥመር 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር አልፎ እንዲሄድ ይደረግ። ጽሑፍና የሰው ፊት ግን በተቃራኒው ከመሥመሩ ወደ ውስጥ ራቅ ይበሉ።

የፊደላችን ጠባይ

በውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች የማይነግሩን ነገር ቢኖር የራሳችንን ፊደል ጠባይ ነው። በአንዳንድ የውጭ የእጅ ጽሕፈት ፊደሎች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ስለሚጻፉ ስም ሲቆረጥ አንድ ላይ ይቆማል። የእኛ ፊደሎች ግን እያንዳንዳቸው ለየብቻ የቆሙ ናቸው። ለኬክ ጫፍ የሚሆን ስም ያለ ማያያዣ ከተቆረጠ ፊደሉ አንድ በአንድ እጅ ላይ ይረግፋል። መፍትሔው ከፊደሎቹ እግር ሥር አንድ ወፍራም መሥመር አስምሮ ሁሉንም ከእሱ ጋር ማዋሐድ ነው። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ ስሙን የሚያየው እንደ አንድ ቅርጽ ነው።

በቀለም ለመቀባት የሚያገለግል ቀዳዳ ንድፍ ሲሠራ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ዐ፣ ወ፣ መ እና ቀ በውስጣቸው የተዘጋ ባዶ ቦታ አላቸው። እንደ ቤ፣ ሌ እና ቴ ያሉት የኃምስ ፊደሎችም ትንሽ ቀለበት አላቸው። ፊደሉ ሲቆረጥ መካከሉ አብሮ ስለሚወድቅ፣ ሲቀባ ቀለበቱ ደፍኖ የወጣ ጉብታ ብቻ ይሆናል። «ቤተልሔም» የሚለውን ስም የምትቆርጥ እናት የቤን ቀለበት፣ የሔን ቀለበትና የምን ክቦች ማሰብ አለባት ማለት ነው። ስለዚህ መካከለኛውን ክፍል ከዳር ጋር የሚያገናኙ ቀጫጭን ድልድዮች ይተዉ።

ሦስተኛው የፎንት ጉዳይ ነው። የቆዩት የአማርኛ ፎንቶች የሚሠሩት በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ተተክተው ስለነበር፣ ያ ፎንት በሌለው ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይሆናሉ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት ውስጥ የራሱን ቦታ ካገኘ ወዲህ ግን ነገሩ ተሻሽሏል። አቢሲኒካና ኖቶ የሚባሉት የዩኒኮድ ፎንቶች በነፃ ይገኛሉ። ያም ሆኖ ፋይሉ ወደ ማተሚያ ቤት ወይም ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ከመላኩ በፊት ጽሑፉ ወደ ቅርጽ ይለወጥ። ከተለወጠ በኋላ ግን የፊደል ግድፈት ማረም ስለማይቻል፣ ስሙ በደንበኛዋ ታይቶ «ትክክል ነው» የሚል ማረጋገጫ አስቀድሞ ይገኝ።

የጌጥ ንድፍም በሩቅ መፈለግ አያሻም። በብራና መጻሕፍት ራስጌ የሚሳለው ሐረግ፣ የነጠላ ጥለትና የመሶብ ስፌት ከአበባና ከፊኛ ሥዕል የማያንሱ ናቸው። ነገር ግን ከ1 ሚሊ ሜትር የቀጠነ የሐረግ መሥመር በወረቀት ላይ ሲቆረጥ ስለሚቀደድ ወፈር ይደረግ።

ሲታተምና ሲቆረጥ

ሥዕሉ በዙሪያው ጥቁር የማመልከቻ ምልክት ኖሮት ይታተማል። መኪናው ቢላዋውን የሚያሳርፍበትን ቦታ የሚያውቀው ይህን ምልክት በማንበብ ነው። ስለዚህ ማተሚያው «ከወረቀቱ ጋር አመጣጥን» የሚለውን ትእዛዝ ትቶ በ100 በመቶ ልክ እንዲያትም ይደረግ። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ብርሃን ስለሚመልስ መኪናው ምልክቱን ሊስት ይችላል፤ በምልክቱ ላይ ብቻ የማያብረቀርቅ ግልጽ ፕላስተር መለጠፍ ይረዳል። ቀለሙ ሳይደርቅ ወደ መቁረጥ መሄድም ኅትመቱን ያቆሽሻል።

ሙሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በወረቀቱ ጥግ ላይ ትንሽ ክብ ቆርጦ መሞከር ጊዜ ማባከን አይደለም። ለስቲከር ቢላዋው የላይኛውን ቆርጦ የጀርባውን ወረቀት ሳይነካ መቅረት አለበት።

በካውያ የሚለጠፍ ቪኒል ሲሆን የሚያብረቀርቀው ገጽ ወደ ታች ሆኖ በሰሌዳው ላይ ይቀመጣል፤ ንድፉም በኮምፒዩተሩ ላይ ተገልብጦ፣ ማለትም በመስተዋት እንደሚታየው ሆኖ፣ መቆረጥ አለበት። ጎረቤቴን ያን ሌሊት ያስነባቸው ይህች አንዲት ትእዛዝ ነች። ለመስኮት ወይም ለጠርሙስ ከላይ ለሚለጠፍ ተራ ስቲከር ግን መገልበጥ አያስፈልግም።

መብራት፣ ልጆችና ሕግ

ከአሜሪካ የመጣ መኪና ከመሰካቱ በፊት በመሰኪያው ላይ የተጻፈው ይነበብ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ በአገራችን 220 ቮልት ይሠራል፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ያለ መቀነሻ ይቃጠላል። መብራት በመካከል ቢጠፋ ወረቀቱ ከሰሌዳው አይነቀል። የማመልከቻ ምልክት ያለው ከሆነ መብራቱ ሲመለስ መኪናው እንደገና አንብቦ ሊቀጥል ይችላልና። ቢላዋና መልቀሚያ መርፌ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ከልጆች እጅ ርቀው ይቀመጡ።

ከኢንተርኔት የተገኘ ንድፍ ሁሉ ለሽያጭ የተፈቀደ አይደለም። በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪን መብት ይጠብቃል። በራስ እጅ የተነደፈ ሐረግ ግን የማንም ጥያቄ የለበትም።

ዋጋ ሲተመንም ወረቀቱንና ቀለሙን ብቻ ማስላት የብዙዎቻችን ጉድለት ነው። የሚደንዘው ቢላዋ፣ ማጣበቂያው የሚያልቀው ሰሌዳ፣ መብራቱ፣ ለብልሽት የሚያዘው ወረቀት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ንድፉን ለማዘጋጀት የተቀመጥንባቸው ሰዓታት ይቆጠሩ። የሴት የማታ ሥራ ቤት ውስጥ ስለተሠራ ብቻ በነፃ የተሠራ አይደለም።

ከመኪናዋ በላይ የተለጠፈች ወረቀት

በቅርቡ ጎረቤቴን ስጠይቃቸው ከመኪናዋ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ በእጅ የተጻፈች አንዲት ወረቀት አየሁ። አምስት ጥያቄዎች ሰፍረውባታል። ልኩ ተለክቷል? ስሙ በደንበኛዋ ታይቷል? የፊደሉ መካከል ተይዟል? ትርፍ ቀለም ተትቷል? የሚገለበጥ ነው ወይስ የማይገለበጥ? ለአምስቱም መልስ ሳያገኙ መቁረጫውን ትእዛዝ እንደማይጫኑ ነግረውኛል። የመጨረሻውን ጥያቄ የጻፈችው ልጃቸው ስትሆን፣ «የማይገለበጥ» የሚለውን ቃል ለጨዋታ ብላ ገልብጣ ጽፋዋለች። እናቷም እንዲታረም አልፈለጉም።

ያች የተበላሸች ካናቴራ ደግሞ አልተጣለችም። ልጅቷ ማታ ማታ ለብሳት ትተኛለች፤ ጠዋት መስተዋት ፊት ስትቆም የዚያን የማታውቀውን ሕፃን ስም አስተካክላ ታነበዋለች።